በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ የሚረሱ ግፊት ያዘሉ ዕቃዎች

(በፋኩልቲው የሕዝብ ትምህርታዊ ንግግር መርሐ ግብር ላይ ከቀረበው ንግግር የድምፅ ቅጂ የተገለበጠ። ለንባብ እንዲያመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



የዛሬው ርእሴ በመጀመሪያ ሲሰማ አንድ ሰዓት የሚያናግር አይመስልም። «ስፕሬይ መኪና ውስጥ አትተዉ» ለማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ጣሳውም ራሱ በትንንሽ ፊደላት ጽፎታል። ችግሩ ግን ማስጠንቀቂያውን የማያነብ ሰው መብዛቱ ብቻ አይደለም። አንብቦም «ይህ የተጻፈው ለበረሃ አገር ነው፤ እኛ ደጋ ላይ ነን» ብሎ የሚያልፈው ብዙ ነው። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርኩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ መኪናዬን ሜዳ ላይ አቁሜ ስብሰባ ገባሁ። ከኋላው መስታወት ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ከረጅም ጊዜ በፊት የተረሳ፣ ታችኛው ጠርዙ ዝገት የጀመረው የፀጉር ስፕሬይ ጣሳ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስመለስ የጣሪያው ጨርቅ ተቀዷል፤ የጣሳው ቂጥ በኋላ ወንበር ላይ ወድቋል፤ የቀረው አካሉ ደግሞ ከፊት ወንበር ሥር ተገኘ። የዚያን ቀን የአየሩ ሙቀት ከ24 ዲግሪ አይበልጥም ነበር። ጣሳው ቂጡን የጣለበት ቦታ ሴት ልጄ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመልሳት የምትቀመጥበት ነው። ቴርሞዳይናሚክስ የሚያስተምር ሰው ይህ እንዴት ደረሰበት ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ ቀመሩን ማወቅና ቀመሩ በራስ መኪና ውስጥ እንደሚሠራ ማመን የተለያዩ ነገሮች ናቸው የሚል ነው። ስለዚህ ዛሬ ከማስጠንቀቂያው ጀርባ ያለውን ምክንያት ደረጃ በደረጃ ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

መኪናው ለምን ይግላል?

ከፀሐይ የሚደርሰን ኃይል አብዛኛው በሚታየው ብርሃንና ለእርሱ ቅርብ በሆነው ታሕተ ቀይ ጨረር ውስጥ ነው። የመኪና መስታወት ከዚህ ብዙውን ያሳልፋል። ዳሽቦርዱ፣ ወንበሩና ምንጣፉ ጨረሩን መጥጠው ይግላሉ። እነርሱ በተራቸው መልሰው የሚለቁት ግን ረጅም ሞገድ ያለው የሙቀት ጨረር ነው፤ ይህኛውን መስታወቱ አያሳልፍም።

ብዙ መጻሕፍት ማብራሪያቸውን እዚህ ላይ ያቆማሉ። ሆኖም አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ እ.ኤ.አ. በ1909 ሁለት ትንንሽ ሣጥኖችን፣ አንዱን በመስታወት፣ ሌላውን የሙቀት ጨረርን በሚያሳልፍ የዓለት ጨው ሸፍኖ ፀሐይ ላይ ባኖራቸው ጊዜ በመካከላቸው ያገኘው የሙቀት ልዩነት እጅግ ጥቂት ነበር። ከዚህ የምንረዳው ዋናው ጉዳይ የጨረሩ መታገድ ሳይሆን የአየሩ መታሰር መሆኑን ነው። ሜዳ ላይ የጋለ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ በቀዝቃዛ አየርም ይተካል። በተዘጋ መኪና ውስጥ ግን መውጫ የለውም፤ ከጋሉት ዕቃዎች ጋር እየተነካካ ይበልጥ ይግላል።

ምን ያህል ይግላል? እ.ኤ.አ. በ2005 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም የተደረገው በረሃ ውስጥ አልነበረም። የውጭው ሙቀት ከ22 እስከ 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በነበረባቸው ቀናት የተዘጋ መኪና ውስጥ ያለው አየር በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 22 ዲግሪ ያህል ጨምሮ ተገኝቷል። ከዚህ ጭማሪ 80 በመቶው የደረሰው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስኮቱን ጥቂት ዝቅ ማድረግም የጎላ ለውጥ አላመጣም።

እንግዲህ ሒሳቡን ለአዲስ አበባ እናድርገው። የውጭው አየር 24 ዲግሪ ሲሆን የመኪናው ውስጥ 46 ዲግሪ ይጠጋል። ይህም የአየሩ ሙቀት ብቻ ነው። ጨረሩን በቀጥታ የሚቀበል ዕቃ ከአየሩ ይበልጥ ይግላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሪዞና የታተመ ጥናት ከ38 ዲግሪ በላይ በሆኑ ቀናት ፀሐይ ላይ ለአንድ ሰዓት በቆሙ መኪናዎች ውስጥ አየሩ በአማካይ 47 ዲግሪ ሲደርስ ዳሽቦርዱ 69 ዲግሪ፣ መሪው 53 ዲግሪ፣ ወንበሩ 51 ዲግሪ መድረሱን አሳይቷል። በአየሩና በዳሽቦርዱ መካከል 22 ዲግሪ ልዩነት እንዳለ አስተውሉ። ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጠ ጣሳ የሚኖረው በአየሩ ሙቀት ሳይሆን በዳሽቦርዱ ሙቀት ነው።

የእኛ ከፍታም አይታደገንም። ከፍ ባለ ቦታ በላያችን ያለው አየር ስስ ስለሆነ የፀሐይዋ ጨረር ብዙ ሳይዳከም ይደርሰናል። በአዲስ አበባ ኬክሮስ ደግሞ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ በቀትር ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። የነሐሴው ጊዜ በደመና ይሸፈናል፤ የሚያዝያው ግን ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቆዳችን ያታልለናል፤ መኪናው ግን አይታለልም።

ግፊቱ ለምን እንዲህ ይጨምራል?

አሁን ወደ ጣሳው እንግባ። ተማሪዎቼን «ስፕሬይ ሲሞቅ ለምን ይፈነዳል?» ብዬ ስጠይቅ ዘጠኙ ከዐሥሩ የጌይ-ሉሳክን ሕግ ይጠቅሱልኛል፦ ይዘቱ ያልተለወጠ ጋዝ ግፊቱ ከፍጹም መጠነ ሙቀቱ ጋር ተመጣጥኖ ያድጋል። ሕጉ ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ትክክል አይደለም። ሒሳቡን እንሥራ። 20 ዲግሪ ማለት 293 ኬልቪን ነው፤ 70 ዲግሪ ማለት 343 ኬልቪን ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ብናካፍል 1.17 እናገኛለን። ግፊቱ የጨመረው 17 በመቶ ብቻ ነው። ማንኛውም ደኅና ጣሳ ይህን ይችላል። ጣሳው ውስጥ ያለው ጋዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ባልተሰበሰብን።

ጣሳውን አንሥታችሁ ብትወዘውዙት የሚንቦጫቦጭ ነገር ትሰማላችሁ። ከዚያ ውስጥ አንዱ ክፍል ሽቶው ወይም መድኃኒቱ ነው፤ ሌላው ክፍል ግን በግፊት ፈሳሽ የሆነ ገፊ ጋዝ ነው፤ በአብዛኛው ፕሮፔን፣ ቡቴን ወይም የሁለቱ ቅልቅል። ፈሳሽና እንፋሎት አንድ ላይ በታሸጉበት ቦታ ግፊቱን የሚወስነው የጋዝ ሕግ አይደለም፤ ክላፔይሮንና ክላውዚየስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስረዱት የእንፋሎት ግፊት ነው። ከፈሳሹ ገጽ ለማምለጥ በቂ ጉልበት ያላቸው ሞለኪውሎች ቁጥር ከሙቀት ጋር በቀጥታ መስመር አይጨምርም፤ እየተፋጠነ ይጨምራል።

ቁጥሮቹ ይናገሩ። የፕሮፔን የእንፋሎት ግፊት በ20 ዲግሪ 8.4 ባር ገደማ ነው፤ በ50 ዲግሪ 17 ባር፤ በ70 ዲግሪ 26 ባር ይሆናል። የቡቴን ደግሞ በ20 ዲግሪ 2.1 ባር፣ በ50 ዲግሪ 5 ባር፣ በ70 ዲግሪ 8 ባር ገደማ ነው። 17 በመቶ ይጨምራል ብለን የጠበቅነው ግፊት በእውነቱ ሦስትና አራት እጥፍ አደገ ማለት ነው። የዛሬው ንግግር እምብርት ይህ ነው።

ከዚህ ሕግ ብዙ ሰው የማይገምተው አንድ ነገር ይከተላል። ውስጡ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ የእንፋሎት ግፊቱ በፈሳሹ ብዛት ላይ አይመሠረትም። «ሊያልቅ ነው፤ ምን ያደርጋል?» ተብሎ የተተወ ጣሳ አዲስ ከተገዛው እኩል ግፊት ሊይዝ ይችላል። እንዲያውም መኪና ውስጥ ለወራት የሚረሳው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይዝጋል፤ ይጨረማመታል።

ጣሳው እንዴት ይፈነዳል?

አምራቾች ይህን ሁሉ ያውቃሉ። በአሜሪካ ሕግ ጣሳው የሚመዘነው በ54 ዲግሪ በሚኖረው ግፊት ነው፤ ከዚያ ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ሳይፈነዳ መቻል ይኖርበታል። በአውሮፓ መመሪያ ማስጠንቀቂያው «ከ50 ዲግሪ በላይ ለሆነ ሙቀት አታጋልጥ» ይላል። እነዚህን ቁጥሮች ከ69 ዲግሪው ዳሽቦርድ ጋር ስታነጻጽሩ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ታዲያ ለምን በየቀኑ በየመንገዱ ፍንዳታ አንሰማም?

መልሱ መሐንዲሶች በተዉት ትርፍ ጥንካሬ ውስጥ ነው። ጣሳው ከሚፈለገው በላይ እንዲችል ተደርጎ ተሠርቷል። ነገር ግን ይህ ትርፍ የተሰጠው ለአዲስ ጣሳ ነው። ዝገት ይበላዋል፤ ወድቆ መጨርመት ይበላዋል፤ እየጋለና እየቀዘቀዘ መመላለስ መገጣጠሚያውን ያላላዋል። እያንዳንዱ ያለ ችግር ያለፈ የፀሐይ ቀን ለሚቀጥለው ቀን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ምናልባትም ከትርፉ ላይ የተቀነሰ ነው።

ጣሳውን ገልብጣችሁ ብታዩት ቂጡ ወደ ውስጥ የጎበጠ ነው። ይህ ለጌጥ አይደለም። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ጉብጠቱ በድንገት ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ በዚህም ይዘቱ ጥቂት ይሰፋል፤ ግፊቱም ለጊዜው ይቀንሳል። ስለዚህ ቂጡ ያበጠ ጣሳ ካያችሁ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ደርሷችኋል። ሙቀቱ ከቀጠለ የቂጡ መገጣጠሚያ ይለቅቃል። ውስጥ ያለው ፈሳሽ በአንድ አፍታ ይፈላል፤ በአንድ ወገን የሚወጣው ጋዝም የቀረውን አካል በተቃራኒ አቅጣጫ እንደ ሮኬት ይገፋዋል። የእኔ ጣሳ ቂጡ በአንድ ወንበር፣ አካሉ በሌላ ወንበር ሥር የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከፍንዳታው ይልቅ የሚያስፈራው መፍሰስ

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ብረቱ ነው። አሁን ስለ ጋዙ ልናገር፤ በእኔ ግምት የከፋው አደጋ ይኸኛው ነውና።

ታሪኩ አስተማሪ ነው። የስፕሬይ ጣሳን የፈጠረው ኖርዌያዊው ኤሪክ ሮትሃይም ነው፤ ዘመኑም 1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካውያን ወታደሮችን ከወባ ትንኝ ለመከላከል በስፋት ተጠቀሙበት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ገፊ ጋዙ በአብዛኛው ክሎሮፍሎሮካርቦን ነበር፤ እርሱ ደግሞ አይቃጠልም። እ.ኤ.አ. በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሼርዉድ ሮውላንድ ይህ ጋዝ የኦዞን ሽፋንን እንደሚያመናምን አሳወቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ኢንዱስትሪው በአብዛኛው ወደ ፕሮፔንና ቡቴን ዞረ። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ሰማዩን አድኖልናል። ነገር ግን በየመኪናችን የምንይዘው ጣሳ ከዚያ ወዲህ ነዳጅ የተሞላ ጣሳ ሆኗል።

ምን ያህል ጋዝ ቢፈስ ያሰጋል? ቡቴን አየር ውስጥ 1.8 በመቶ ሲሆን መቀጣጠል ይችላል። የመኪናችን ውስጥ 3 ሜትር ኩብ ነው እንበል። 1.8 በመቶው 54 ሊትር ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ይህን ለመሙላት 130 ግራም ገደማ ቡቴን ያስፈልጋል። የአየር ግፊቱ 0.77 ባር ገደማ በሆነበት በአዲስ አበባ ግን ያው ጋዝ ይበልጥ ስለሚሰፋ 100 ግራም ገደማ ይበቃል። ለሽርሽር የሚያዘው ትንሹ የጋዝ ምድጃ ካርትሪጅ 220 ግራም ያህል ይይዛል። አንዱ ቢያፈስ ለሁለት መኪና ይተርፋል ማለት ነው።

ይህም ጋዙ እኩል ቢሰራጭ ነው፤ እርሱ ግን አይሰራጭም። ቡቴን ከአየር በእጥፍ፣ ፕሮፔን በአንድ ተኩል እጥፍ ይከብዳሉ። ወለሉ ላይ ይተኛሉ፤ በወንበር ሥር ይከማቻሉ። ስለዚህ ከ100 ግራም እጅግ ያነሰ ጋዝ በወለሉ አካባቢ አደገኛ መጠን ላይ ይደርሳል። የሚቀረው አንድ ብልጭታ ብቻ ነው፦ ሲጋራ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የሞተር ማስነሻ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 በእንግሊዝ አገር በሃሊፋክስ ከተማ አንድ አሽከርካሪ መኪናው ውስጥ የመዓዛ ስፕሬይ አብዝቶ ነፍቶ ሲጋራ ለኮሰ፤ ፍንዳታው የመኪናውን መስታወቶች አወጣቸው። ሰውየው በቀላል ጉዳት ተረፈ። እርሱ ጋዙን የለቀቀው በጣቱ ነው፤ የጋለ ጣሳ ግን ጣት አያስፈልገውም።

ሌሎች ዕቃዎችስ?

ቡታጋዝ። ሲሊንደሩ የሚሞላው ከ80 እስከ 85 በመቶ ብቻ ነው። ምክንያቱም ፈሳሽ ፕሮፔን ከ15 ወደ 50 ዲግሪ ሲግል ከ10 በመቶ በላይ ይሰፋል፤ ውሃ በዚያው መጠን ሲግል የሚሰፋው 1 በመቶ ገደማ ነው። ያለ ልክ የተሞላ ሲሊንደር ውስጥ እንፋሎቱ ቦታ ያጣል፤ ፈሳሹ ብረቱን ራሱን መግፋት ይጀምራል። ስለዚህ «ሞልተህ ስጠኝ» ማለት ለራስ አደጋ መግዛት ነው። ሲሊንደሩን በጎኑ አጋድሞ መጫንም ስሕተት ነው፤ የደኅንነት ቫልቩ ሲከፈት እንፋሎት ሳይሆን ፈሳሽ ይለቅቃል፤ አንድ ሊትር ፈሳሽ ፕሮፔን ደግሞ ወደ 270 ሊትር ጋዝ ይለወጣል።

ላይተር። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በቡቴን የተሞላ ፕላስቲክ ነው፤ የምናስቀምጠውም ብዙውን ጊዜ እዚያው ዳሽቦርዱ ላይ ነው።

ለስላሳ መጠጥ። እዚህ ያለው ጠባይ ሌላ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ሲሞቅ በውስጡ መሟሟቱን ይቀንሳል፤ በ50 ዲግሪ የሚሟሟው በ20 ዲግሪ ከሚሟሟው በግማሽ ያነሰ ነው። የተባረረው ጋዝ ክዳኑን ይገፋል። አይቃጠልም፤ ጠርሙስ ከሆነ ግን ስብርባሪው ዓይን ያጠፋል።

የእሳት ማጥፊያ። ይህ መኪና ውስጥ መኖር ያለበት ዕቃ ነው፤ አውጡት አልልም። ነገር ግን አብዛኛው የሚፈቀድለት ሙቀት ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ስለሆነ ቦታው ከወንበር ሥር ወይም ከኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ እንጂ ከመስታወት ሥር አይደለም። በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራው ዓይነት ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ይህ ጋዝ ከ31 ዲግሪ በላይ ፈጽሞ ፈሳሽ ሆኖ አይቆይምና ግፊቱ በፍጥነት ያድጋል።

ኦክስጅን። ለሕሙማን የሚጓጓዝ ሲሊንደር ራሱ አይቃጠልም፤ ከተዘጋ መኪና ውስጥ ካፈሰሰ ግን ጨርቁንም ፀጉሩንም ከወትሮው በበለጠ ፍጥነት እንዲነድ ያደርጋል። ቅባትና ሲጋራ ከአጠገቡ መራቅ አለባቸው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከመኪና ስትወርዱ ስልካችሁንና ቁልፋችሁን እንደምትፈትሹ ሁሉ ጣሳውንም ፈትሹ። ሁለተኛ፣ የግድ ለአጭር ጊዜ መተው ካለበት ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ወለል ላይ ይሁን፤ ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ሦስተኛ፣ ቡታጋዝ ስታጓጉዙ አቁማችሁ እሰሩት፤ መስኮት ክፈቱ፤ በመንገድ ላይ ሌላ ጉዳይ አትጨምሩ፤ በቀጥታ ወደ ቤት አድርሱት። አራተኛ፣ የዛገ፣ የተጨረመተ ወይም ቂጡ ያበጠ ጣሳ በምንም ምክንያት መኪና ውስጥ አይግባ። አምስተኛ፣ በሩን ስትከፍቱ የጋዝ ሽታ ከተሰማችሁ ሞተር አታስነሡ፤ ማብሪያ አትንኩ፤ በሮቹን ሁሉ ከፍታችሁ ራቅ በሉ።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

ከተሰብሳቢዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ መምህር፣ መኪናን ጥላ ሥር ማቆም አይበቃም?

መልስ፦ ይረዳል። የአሪዞናው ጥናት ጥላ ሥር በቆሙት መኪናዎች ውስጥ አየሩ በአማካይ 38 ዲግሪ፣ ዳሽቦርዱ 48 ዲግሪ እንደነበር አግኝቷል። 48 ከ69 እጅግ ይሻላል፤ ከ50 ግን በሁለት ዲግሪ ብቻ ያንሳል። በዚያ ላይ ጥላ ይሄዳል። ጠዋት ዛፍ ሥር ያቆማችሁት መኪና ከቀትር በኋላ ፀሐይ ላይ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በኩዌት ሹፌር ነው። መኪናው ውስጥ ሽቶና የመስታወት ማጽጃ ስፕሬይ አይጠፋም። ለእርሱ ምን ይሉታል?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ሚትሪባህ በተባለው የኩዌት ጣቢያ 53.9 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ ይህ የሚለካው በጥላ ነው። እንዲህ ባለ ቀን የውጭው አየር ብቻውን ጣሳው ላይ ከተጻፈው ወሰን አልፏል ማለት ነው። ስለዚህ ለወንድምዎ «ጥላ ፈልግ» አይበሉት፤ «በሚረጨው ፋንታ በጨርቅ የሚጠረገውን ማጽጃ ያዝ» ይበሉት። ግፊት የሌለው ዕቃ ሲሞቅ ቢበዛ ይበላሻል።

ጥያቄ፦ ያበጠ ጣሳ መኪና ውስጥ ብናገኝ እናውጣው?

መልስ፦ እስኪቀዘቅዝ አትንኩት። በሮቹን ከፍታችሁ ሰው አርቁ፤ ፀሐይዋ ዞራ መኪናው ሲበርድ ግፊቱም ይወርዳል። ፊታችሁን ወደ ቂጡም ወደ አናቱም አታድርጉ፤ በጎኑ ይዛችሁ አውጡት። ከዚያ በኋላ አትብሱት፤ እሳት ውስጥም አትጣሉት። ልጆች የማይደርሱበት ጥላ ቦታ ይቆይና ለቆሻሻ ሰብሳቢው ምን እንደሆነ ነግራችሁ ስጡት። እርሱም እንደ እኛ ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ ሳያውቅ ሊጨፈልቀው አይገባም።

ዛሬ ወደ መኪናችሁ ስትመለሱ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት የኋላውን መደርደሪያ አንድ ጊዜ ተመልከቱልኝ።